ቡሄን ኦርላንዶ ዋልን

«ልጅቷ እንደሆነ አታስታውሰውም። ገንዘባችሁን ምን አስበተናችሁ?» ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ወዳለው የዲዝኒ መናፈሻ ልንሄድ ነው ስንል የሰማ ሁሉ እንዲህ አለን። ነገሩ እውነት ነው፤ ሚሚ ገና 2 ዓመት ከ10 ወሯ ነው። እኔን ግን የሚያስቸኩለኝ ሌላ ነገር ነበር። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ከተቀመጠች አምስት ወር አልፏታል። የመመለሻ ትኬቷ ለጳጉሜ ተቆርጧል። አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚሆኑበት ቀን እያለቀ ነው። ሚሚ ባታስታውስ እማዬ ታስታውሳለች። እኔም አስታውሳለሁ።

የገንዘቡም ነገር ቢሆን ታስቦበታል። ዲዝኒ 3 ዓመት ያልሞላው ልጅ በነጻ ይገባል። 3 ከሞላው ግን ትኬት ይቆረጥለታል፤ የአንድ ቀን ትኬት ደግሞ ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ነው። ሚሚ 3 የሚሞላት ጥቅምት ላይ ነው። ስለዚህ ነሐሴን መረጥን። የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች በእኛ ነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚከፈቱ፣ ከዚያ ወዲያ ግርግሩ ቀለል ይላል።

ግን ነሐሴ ማለት ፍልሰታ ነው። እማዬ አንድ ቀን አታጎድልም። ቡሄም እዚያው ሊደርስብን ነው። ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲያው ዱቄቱን ይዘን እንሄዳለን» አለች። ጉዞው በዚያው ቁርጥ ሆነ።

ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ነሐሴ 10፦ መኪናችንም ባቡር ተሳፈረች

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከእኛ ቤት ብዙም ሳይርቅ ሎርተን የሚባል ቦታ አለ። ከዚያ ተነስቶ ፍሎሪዳ፣ ሳንፎርድ ድረስ የሚሄድ የአምትራክ ባቡር አለ፤ አውቶ ትሬን ይሉታል። ሰውየውንም መኪናውንም ነው የሚጭነው። 1,376 ኪሎ ሜትር በ17 ሰዓት ገደማ። ለልጅ ከአውሮፕላን ይሻላል ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ። የመኪና ወንበሯ፣ ጋሪዋ፣ ዳይፐሯ፣ የእማዬ ዱቄትና ሽሮ ሁሉም መኪናው ውስጥ እንዳለ ይሄዳል። ማንም ሻንጣ አይመዝንብህም። ሚሚ 2 ዓመት ስላለፋት የከፈልነው ግማሽ ዋጋ ነው።

መኪና እስከ 9 ሰዓት መግባት አለበት። አንድ ሠራተኛ መጣና በሩ ላይ ማግኔት ያለው ቁጥር ለጠፈ። 137። ሚሚ ቁጥሩን በጣቷ ነካችው፣ ላጠችው፣ መልሳ ለጠፈችው። ከዚያ ሰውየው ቁልፉን ተቀብሎ መኪናችንን ባቡሩ ውስጥ ነድቶ አስገባት። ሚሚ አለቀሰች። መኪናችን የጠፋች መሰላት። እማዬ አቀፈቻትና «ተኝታ ነው፤ ነገ ትነሳለች» አለቻት። እሱን ተቀበለች።

እዚህ ላይ ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር ልንገር። መኪናው አንዴ ከተጫነ እስከ ማግስቱ ጠዋት አታገኘውም። ለሌሊቱ የሚያስፈልግ ሁሉ በእጅ ቦርሳ መያዝ አለበት። እኛ ልብስና ምግብ ይዘን ፖፖዋን መኪናው ውስጥ ረሳናት። ሚሚ ደግሞ ዳይፐር እያስተውናት ያለንበት ጊዜ ነው። የባቡሩ ሽንት ቤት ሲለቀቅ ድምፁ ከባድ ነው፤ ገና ስትሰማው አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እማዬ «ቆይ ለእኔ ስጪኝ» አለች። ይዛት ገባች። ምን እንዳደረገች ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁት። በአማርኛ ከአንድ እስከ አስር እየቆጠሩ ነበር፤ አስር ላይ ሲደርሱ ድምፁ ይመጣል፣ ሁለቱ አንድ ላይ «እሰይ!» ይላሉ። በማግስቱ ሚሚ ራሷ መቁጠር ጀመረች።

ልክ 11 ሰዓት ላይ ተነሳን። አልጋ ያለው ክፍል ዋጋው ስለከበደን ወንበር ነው የያዝነው። አየር ማቀዝቀዣው ይበርዳል፤ የእማዬ ጋቢ ለሦስት ሰው በቃ። ከመሸ በኋላ መስኮቱ ጥቁር ሆነ። እኩለ ሌሊት ገደማ ባቡሩ ደቡብ ካሮላይና፣ ፍሎረንስ ላይ ነዳጅ ለመሙላትና ሠራተኛ ለመቀየር ቆመ። ተሳፋሪ አይወርድም። እኔ ነቃሁ። ሚሚ የእማዬ ጭን ላይ ተዘርራለች። እማዬ አልተኛችም። ዳዊቷን ይዛ በስልኳ መብራት ታነባለች። በአንድ እጇ መጽሐፉን፣ በሌላው የሚሚን እግር ይዛ።

ነሐሴ 11፦ ሳንፎርድ

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ደረስን። ሙቀቱ በር ላይ ይቀበልሃል። መኪኖቹ እየወረዱ ቁጥር ይጠራል። የእኛ እስኪጠራ አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። 137 ሲባል ባለቤቴ ሚሚን ትከሻው ላይ ሰቀላት። መኪናችን ስትመጣ ስታይ «ነቃች!» ብላ ጮኸች። በአማርኛ ነው ያለችው። ሚሚ አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ለዚያ ነው ልቤ ዘለል ያለው።

ኦርላንዶ አጠገብ፣ ኪሲሚ የምትባል ከተማ ውስጥ ኩሽና ያለው ቤት ተከራይተናል። እማዬ መጀመሪያ ያየችው ኦቨኑን ነው። ከፍታ አየችው፣ እጇን አስገብታ ዳሰሰችው፣ «ይሆናል» አለች። የቀረውን ቀን ሚሚ የጋራው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ዋለች። መናፈሻ አልሄድንም። ከሌሊት ጉዞ የመጣ ልጅ በማግስቱ እንዲደሰት ከተፈለገ የዛሬውን ቀን ለእሱ መተው ነው።

ነሐሴ 12፦ ማጂክ ኪንግደም

በጠዋት ተነሳን። በ3 ሰዓት ከሚከፈተው በር ፊት ለመገኘት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መንገድ ላይ ነበርን። የቸኮልነው ለፀሐዩ ነው። በዚህ ወር ፍሎሪዳ ውስጥ ከ5 ሰዓት በኋላ ከትንሽ ልጅ ጋር ውጭ መቆም ይከብዳል።

ዲዝኒ ወርልድ አንድ መናፈሻ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቦታው ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ውስጡ አራት ትልልቅ መናፈሻዎች አሉ፤ ማጂክ ኪንግደም እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የመጀመሪያው ነው። መኪና የሚቆምበት ቦታና መናፈሻው መካከል ሐይቅ አለ። በሞኖሬል፣ ማለትም በአንድ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር፣ ወይም በጀልባ ትሻገራለህ። እኛ ጀልባውን መረጥን። ጀልባው ሲንቀሳቀስ እማዬ ነጠላዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ አማተበች። ቤተ መንግሥቱ ከሩቅ ብቅ አለ። 57 ሜትር ከፍታ አለው፤ ድንጋይ የሚመስለው ሁሉ ግን ድንጋይ አይደለም፣ አንድ ጡብ የለበትም። ሚሚ አላየችውም። ያየችው ጀልባው ላይ ያረፈች ወፍ ነው። እኔም ቤተ መንግሥቱን ትቼ ወፏን ከእሷ ጋር አየሁ።

እንደገባን አደባባዩ ላይ የነሐስ ሐውልት አለ። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ከሚኒ ማውስ ጎን ተቀምጠዋል። ሮይ ዲዝኒ ናቸው፣ የዋልት ታላቅ ወንድም። ዋልት እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሞት ይህ ቦታ ገና ወረቀት ላይ ነበር። ሮይ ጡረታቸውን አዘግይተው ሥራውን ጨረሱት። ስሙም የወንድሜ ሙሉ ስም ይግባበት ብለው «ዋልት ዲዝኒ ወርልድ» አሰኙት። በተከፈተ በሦስተኛው ወር እሳቸውም አረፉ። ይህን ለእማዬ ስተርክላት ቆም አለች። «ወንድም እንዲህ ነው» አለች። ከዚያ ሚሚን ሐውልቱ ጎን አስቀምጣ ፎቶ አንሱን አለች። ከጉዞው ሁሉ የምወደው ፎቶ እሱ ነው።

ወደ ዱምቦ ሄድን። በራሪው ዝሆን። የቁመት ገደብ የለውም፤ አንድ ወር የሆነው ልጅም ከወላጁ ጋር ይቀመጣል። ከፊት ያለውን እጀታ ስትስበው ዝሆኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስትለቀው ይወርዳል። ሚሚና እማዬ አንድ ዝሆን ላይ፣ እኔና ባለቤቴ ከኋላቸው። እጀታውን የያዘችው ሚሚ ናት። እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ሳበችውና አልለቀቀችውም። ሌሎቹ ዝሆኖች ከፍ ዝቅ ሲሉ የእነሱ ብቻ ላይ ሆኖ ዞረ። ከኋላ የሚታየኝ የእማዬ ነጠላ ነው፣ ጫፉ በነፋስ ይውለበለባል። ስንወርድ ሚሚ «ዝሆን አጌን!» አለች። ደገምነው። ሦስተኛም ሄድን። ሌላ ብዙ የምናየው ነገር ነበረን፤ ግን ልጁ ያለበት ደስታ ላይ መቆየት ነው እንጂ ካርታ ላይ ምልክት መጨረስ አይደለም። ጠዋት ወረፋው አስር ደቂቃ ስለነበር ይህን ማድረግ ችለናል።

እዚያው አጠገብ የእንጨት ፈረሶች የሚዞሩበት ካሩሰል አለ። ፊላዴልፊያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1917 የተሠራ ነው። ዲዝኒ ገዝቶ ከማደሱ በፊት ሌላ ቦታ ልጆች ሲያዞር ኖሯል። ለእማዬ ዓመቱን ስነግራት «እናቴ ሳትወለድ!» አለችና የፈረሱን አንገት በእጇ ዳበሰችው። ቀለሙ ብዙ ጊዜ የተቀባ ነው፤ ሲነካ ለስላሳ፣ ወፍራም። ጥርሶቹ እንኳ አንድ በአንድ ተቀርጸዋል።

ከዚያ ሚኪ ማውስን ልናገኝ ሄድን። ሚሚ ቤት ውስጥ ሚኪን በስዕል ትወደዋለች። በአካል ሲቆም ግን ትልቅ ነው። በሩ ሲከፈት ወደ ኋላ ሸሸችና የእማዬ ነጠላ ስር ገባች። ማንም አልጎተታትም። ሚኪ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ጠበቀ። ቃል አይናገርም። ሚሚ ነጠላውን በትንሹ ገልጣ አየችው። እሱም ጣቶቹን በትንሹ ከፈተ። እንዲህ ሦስት ጊዜ። መጨረሻ ላይ ሄዳ ጓንቱን በአንድ ጣቷ ነካችውና ተመለሰች። በቃ። ለእሷ ትልቅ ድፍረት ነበር። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አጨበጨቡላት።

ሰባቱ ድንክዬዎች የሚባለው የማዕድን ባቡር 97 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይፈልጋል፤ ሚሚ አይደርስላትም። አብሯቸው የሚጠብቅ ሰው የሌላቸው ወላጆች ራይደር ስዊች የሚባል አሠራር አላቸው። አንዱ ወላጅ ሲሄድ ሌላው ልጁን ይዞ ይቆያል፤ ሲመለስ ሁለተኛው ረጅሙን ወረፋ እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። እኛ ግን እማዬ አለችን። «ሂዱ፣ አብራችሁ ሂዱ» አለችን። ባለቤቴ «እማማ፣ እርስዎ ደክሞዎታል» ቢላት «ጥላ ስር ተቀምጬ ምን ይደክመኛል?» አለችው። ሄድን። እኔና ባለቤቴ ሚሚ ከተወለደች ወዲህ ለብቻችን ወረፋ ይዘን ቆመን አናውቅም ነበር። ባቡሩ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ያስደሰተኝ ግን ወረፋው ነው። አርባ አምስት ደቂቃ ስናወራ ቆምን፤ ማንም አላቋረጠንም።

ስንመለስ ጋሪዋ የለችም። ያቆምናት ቦታ ላይ ሌላ ጋሪ ቆሟል። ሠራተኞቹ መተላለፊያው እንዳይዘጋ ጋሪዎቹን እየሰበሰቡ በመስመር ይደረድሯቸዋል፤ የተለመደ ነው፣ ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። መቶ የሚሆን ጥቁር ጋሪ ተደርድሯል። የእኛን ያገኘናት በጥለቷ ነው። እማዬ ከቤት ስንወጣ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት ቀድዳ እጀታው ላይ አስራ ነበር። ቀይና አረንጓዴ፣ ከሩቅ ይታያል።

ሌላም ያገዘን ነገር አለ። በሁሉም የዲዝኒ መናፈሻ የሕፃናት ማረፊያ ክፍል አለ። ዳይፐር መቀየሪያ፣ ማጥቢያ፣ ማይክሮዌቭ፣ የሕፃን ወንበር፤ ሁሉም በነጻ። ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። የሚሚን ምስር እዚያ አሞቅን። ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይቻላል፣ ጠርሙስና አልኮል ካልሆነ። እማዬም ቂጣዋንና ዳቦ ቆሎዋን ይዛለች። ጿሚ ለሆነ ሰው ደግሞ የምግብ ዝርዝሩ ላይ ከዕፅዋት ብቻ የተሠራው የቅጠል ምልክት አለው። ፖፖ ላይ ላለ ልጅ ደግሞ ትንሽ የሚለጠፍ ወረቀት ይያዝ። የሕዝብ ሽንት ቤቱ በራሱ ይለቃል፤ ልጅ ገና ሳይነሳ ድምፁ ያስደነግጠዋል። ዳሳሹ ላይ ወረቀቱን ትለጥፊያለሽ፣ ዝም ይላል። ስትጨርስ ታነሺዋለሽ። ሚሚ ወረቀቱን እየላጠች እስከ አስር ትቆጥራለች።

በ7 ሰዓት ወጣን። ቀኑ ገና ግማሽ ነው፤ ስንወጣ ያየን ብዙ ሰው ተገረመ። ሚሚ ጀልባው ላይ ተኛች።

ማታ ግን ተመለስን። ወደ ውስጥ አልገባንም፤ ከሐይቁ ወዲህ፣ ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ቆምን። ርችቱ ከሩቅ እንዲታያት ፈልገን ነው፤ ቅርብ ከሆነ ድምፁ ያስፈራታል። የጆሮ መከለያም አደረግንላት። ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ብሎ ተጀመረ። ቤተ መንግሥቱ ላይ ወርቃማ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ውሃውም ላይ ሌላ ሰማይ። ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ብርሃን፣ ከዚያ ጧ።

እማዬ ዝም ብላ አየች። «ዛሬ እኮ የቡሄ ዋዜማ ነው» አለች። ሁላችንም ረስተነዋል። ራያ ቆቦ ልጅ ሆና ስላየችው የቡሄ ማታ አወራችልን። ወንዶቹ ቀን ሙሉ ጅራፍ ሲያጮኹ ውለው፣ ሲመሽ በየደጁ ችቦ ሲለኮስ። ደብረ ታቦር ተራራ ላይ የጌታ ብርሃን ሲታይ እረኞች ቀን መስሏቸው ውጭ እንደቀሩ፣ ቤተሰብም ዳቦ ይዞ ችቦ አብርቶ ሊፈልጋቸው እንደወጣ። ሚሚ እማዬ እቅፍ ውስጥ ሆና የምትሰማው ይሄን ነው። ርችቱ ጧ ባለ ቁጥር እማዬ «ጅራፍ!» ትላለች። ሚሚ መፍራቷን ረስታ አብራት «ዲራፍ!» ትላለች።

ነሐሴ 13፦ ቡሄ

የትም አልሄድንም። እማዬ ዱቄቱን ማታ አቡክታው አድራለች። ስነሳ ቤቱ በዳቦ ሽታ ተሞልቷል። ሚሚ ወንበር ላይ ቆማ፣ እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ፣ የራሷን ትንሽ ሙልሙል እየደባለለች ነበር። ጣቷን ትወጋበታለች፣ ቀዳዳውን ታያለች፣ እንደገና ትደፍነዋለች። ኦቨን ሲገባ መስታወቱ ፊት ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ዱምቦን እንኳ እንዲህ አላየችውም።

ሃያ ሙልሙል ወጣ። ለአራት ሰው ብዙ ነው። እማዬ በነጠላ ጠቅልላ ወደ ገንዳው ወረደች። እዚያ ከየአገሩ የመጡ ልጆች ይዋኛሉ። ቋንቋቸውን አትችልም፣ እነሱም የእሷን አይችሉም። አንድ በአንድ ሰጠቻቸው። ወላጆቻቸውን ቀና ብለው ያያሉ፣ ከዚያ ይቀበላሉ። አንድ ልጅ ሁለተኛ ሊወስድ ሲመለስ ሁለት ጓደኛ ይዞ መጣ። ሆያ ሆዬ ያልተባለበት ቡሄ ነው ብላ ስላዘነች፣ እኔና ባለቤቴ ከገንዳው ዳር ቆመን ጨፈርንላት። ባለቤቴ ተቀባይ፣ እኔ አውራጅ። ሚሚ የመዋኛ ልብሷን እንደለበሰች መሬቱን በእግሯ ደበደበችው።

ኋላ እማዬ ፀጉሯን እየሠራቻት «ቡሄ የወንዶች ነው። የአንቺ ቀን ገና አልደረሰም፤ የአንቺ ሶለል ነሐሴ 16 ነው» አለቻት። ራያ ቆቦ ላይ የልጃገረዶቹ በዓል እንዲያ ይባላል። ላስታ አሸንድዬ፣ ሰቆጣ ሻደይ ይሉታል። ረጅም አረንጓዴ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ።

ማታ ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት የጾም በያይነቱ በላን።

ነሐሴ 14፦ አኒማል ኪንግደም

ይህ መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው የተከፈተው። በስፋት ከአራቱ ትልቁ ነው፣ ወደ 235 ሄክታር። መሐሉ ላይ 44 ሜትር የሚሆን ሰው ሠራሽ ዛፍ አለ። የሕይወት ዛፍ ይሉታል። ከ300 በላይ እንስሳት ግንዱ ላይ ተቀርጸዋል። ውስጡን የሚያቆመው ብረት የነዳጅ ማውጫ መድረክ ነው። ሚሚ ከግንዱ ላይ እንስሳ እየፈለገች ቆየች። አንበሳ አገኘች፣ ጦጣ አገኘች። እኛ ያላየነውን ኤሊ ያሳየችን እሷ ናት።

መጀመሪያ የሄድነው ኪሊማንጃሮ ሳፋሪ ነው፣ ልክ በሩ እንደተከፈተ። እንስሳቱ ፀሐይ ሳይበረታ ነው የሚንቀሳቀሱት። ክፍት የጭነት መኪና ላይ ተቀምጠህ ወደ 45 ሄክታር ሜዳ ውስጥ ትዞራለህ። 18 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ አንድ እንስሳ መንገዱ ላይ ከቆመ ግን እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። እኛን ያስቆመችን ቀጭኔ ናት። በጣም ከመቅረቧ የተነሳ ሽፋሽፍቷ ይታየኛል።

ከዚያ ትልልቅ ቀንድ ያላቸው ከብቶች መጡ። አንኮሌ ይባላሉ፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ናቸው። ቀንዳቸው ከሥሩ እንደ ሰው ጭን ይወፍራል። እማዬ ከመቀመጫዋ ቀና አለች። «የራያ በሬ!» አለች ጮክ ብላ። ሹፌሯ በመስታወት አየቻት። እማዬ እጇን ከራሷ በላይ ዘርግታ የቀንዱን ስፋት አሳየቻት፤ ከዚያ ደረቷን ነካች። የእኛም አገር አለ ማለቷ ነው። ሹፌሯ ገባት፣ መኪናውን ቀስ አደረገችልን። ከመጣች አምስት ወር፣ እማዬን እንዲህ ፊቷ በርቶ አላየኋትም። ሰማንያ ኪሎ ዱቄት ተሸክሞ ገበያ ይሄድ ስለነበረው ስለ አባቷ አህያ፣ ስለ ጥማድ በሬዎቹ ስም፣ ሁሉን ለሚሚ ነገረቻት። ሚሚም «ላም፣ ላም» እያለች ሰማች።

ከዚያ ዝሆኖቹ ጋ ደረስን። አንዱ ጆሮውን እያራገበ ቆሟል። ሚሚ ተነሳች። «ዝሆን! ና! ብረር!» አለች። ጠበቀች። እንደገና ጠራችው። «አይበርም?» አለችኝ። ሙሉ ጥያቄ፣ በአማርኛ። ምን እንደምመልስ ግራ ገባኝ። እማዬ «ጠዋት ነው፤ ቁርሱን እየበላ ነው» አለቻት።

በ8 ሰዓት ተኩል ሰማዩ ጠቆረ። የፍሎሪዳ ክረምት ዝናብ በየቀኑ ለማለት ይቻላል ከሰዓት በኋላ ይመጣል። መብረቅ ካለ ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ሁሉ ይቆማሉ። እኛ አንድ ትልቅ ጣሪያ ስር ገባን። ከትናንት የተረፈውን ሙልሙል አወጣን። ሚሚ የራሷን ታውቃታለች፤ ጣቷ የወጋት ቀዳዳ አለባት። ለሁለት ቆረሰቻት። ግማሹን ለእማዬ ሰጠች። ዝናቡ ሲያባራ ብዙ ሰው ወጥቶ ሄዷል። ቀጭኔዎቹን ደግመን ለማየት አስራ አምስት ደቂቃ ብቻ ተሰለፍን።

ነሐሴ 15፦ መልስ

ቤቱን አጽድተን ሳንፎርድ ወረድን። በዚህኛው ጉዞ ፖፖዋን መጀመሪያ የያዝኳት እኔ ነኝ። የመኪናችን ቁጥር 62 ሆነ። መኪናችን ወደ ባቡሩ ስትገባ ሚሚ አላለቀሰችም። እጇን እያውለበለበች «ተኚ እሺ» አለቻት።

ነሐሴ 16፦ ሎርተን

ጾሙ ተፈታ። እማዬ ባቡሩ ላይ ቁርስ ሲቀርብ በሁለት እጇ ቡና ይዛ፣ ወተት ጨምራበት፣ ዓይኗን ጨፍና ጠጣች።

ሎርተን ወርደን መኪናችን እስኪጠራ ውጭ ቆመን ጠበቅን። ከአጥሩ ሥር ያልታጨደ ሣር አለ፤ ረጅም ነው፣ ጤዛው አልደረቀም። እማዬ ሄደች። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ እየመረጠች ነቀለች። ከቦርሳዋ የጥለቱን ትርፍ አወጣች። ሣሩን በጥለቱ ላይ እየደረደረች ቋጠረችውና የሚሚ ወገብ ላይ፣ ከቁምጣዋ በላይ አሰረችላት። እስከ ጉልበቷ ደረሰ።

ሚሚ ወደ ታች አየችው። ወገቧን ወዘወዘች። ሣሩ ሿ አለ። እንደገና ወዘወዘች። እማዬ ማጨብጨብ ጀመረች።

ከድምፅ ማጉያው 62 ሲጠራ ሁለቱም አልሰሙም።